አስቸኳይ! ለቅዳሜ የያዝነው መኪና ቀረብን፣ 14 ሴት ልጆች ይጠብቁኛል

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። 12ኛ ክፍል የጨረሱ የሰፈራችን ሴት ልጆች ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ቦራ መጫወቻ ፓርክ ሄደው እንዲደሰቱ ብዬ ከየቤቱ 1,200 ብር ሰብስቤያለሁ። ቅዳሜ ሄደን እሁድ ልንመለስ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሳም። 6,000 ብር ቀብድ ወስዷል። ልጆቹ ጸጉራቸውን ተሠርተው አንድ ዓይነት ቲሸርት አሳትመዋል። ለእናቶቻቸው ምን ብዬ ልንገራቸው? ርካሽ መኪና የምታውቁ?

ጋሽ ከዚራ፦
ልጄ፣ ለመሆኑ ውል አላችሁ? የመንጃ ፈቃዱን ቅጂ ይዘሻል? የመኪናውን ታርጋ ጽፈሻል? ገንዘብ ሲሰጥ ቢያንስ ሁለት ምስክር ይቆማል። አሁን ይህን ማለቴ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን 14 የሰው ልጅ አደራ ነው። ወላጆቹም በጽሑፍ ይፈቅዱልሽ፣ የየቤቱን ስልክ በወረቀት ያዢ። ስልክሽ ባትሪ ቢጨርስ ወረቀት አይጠፋም።

ባቡር ወዳጅ፦
በባቡር ሂዱ።

የሳቢያኗ፦
ጋሽዬ እውነትዎን ነው፣ ታርጋውን ጽፌያለሁ፣ ውል ግን የለኝም። አሁን ግን ጭንቄ ቅዳሜ ነው።

ደንገጎ፦
አቦ እህቴ፣ እኔ በዚህ መስመር የምሠራ ሹፌር ነኝ። መኪናው ባይቀርብሽም ዕቅዱ አያስኬድም ነበር። ከድሬ አዲስ አበባ በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ብትነሱ ደክማችሁ ማታ ትገባላችሁ፤ እሁድ በጠዋት ደግሞ መመለስ ነው። ልጆቹ መቼ ይጫወታሉ? መኪና አይደለም የጎደለሽ፣ ቀን ነው።

ባቡር ወዳጅ፦
በባቡር ይሻላል እኮ እያልኩ ነው።

ደንገጎ፦
ባቡሩ ጥሩ ነው ወንድሜ። ግን የድሬው ጣቢያ እንደ ድሮው መሃል ከተማ ለገሃር አይደለም፣ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ከሁለት አዋቂ ጋር ለ16 ሰው እዚያ መድረሻ ባጃጅ ቁጠር። አዲስ አበባም ስትደርሱ የሚያወርዳችሁ ለቡ ነው፣ ከዚያ እንደገና ታክሲ። መነሻ ቀኑንም ቲኬት ቤት ሄዶ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ለሁለት ቀን የሚሆን አይደለም።

የጁገል ልጅ፦
እህቴ፣ ሐረር አምጫቸው።

የሳቢያኗ፦
ሐረርን በትምህርት ቤት ጉዞ ሁለቴ አይተዋል። የፈለጉት የሚሽከረከር፣ የሚያስጮህ ነገር ነው።

የጁገል ልጅ፦
ጅብ አብልተው ያውቃሉ? የትምህርት ቤት ጉዞ ከቀትር በኋላ ይመለሳል፣ ጅቡ ደግሞ የሚመጣው ሲመሽ ነው። የሚያበላቸው ሰውዬ ጅቦቹን በየስማቸው እየጠራ ያመጣቸዋል። ሥጋውን ስንዝር በምታህል እንጨት ጫፍ ላይ ይሰቅልና ለልጅቷ ይሰጣታል። ጅቡ ትከሻዋ አጠገብ ደርሶ ትንፋሹን ስትሰማ ከቦራው የባሰ ትጮኻለች፣ አምናለሁ! እኔ ታናሽ እህቴን ወስጄ እጄን ጨምቃ አሳብጣኛለች። የምትፈራ ካለች አታስገድዷት፣ ከመኪናው አጠገብ ቆማ ትይ። ክፍያውን አስቀድመሽ በቡድን ተነጋገሪ፣ እዚያ ደርሰሽ ለእያንዳንዷ እንዳይቆጠርብሽ።

ሳቅ አታጡ፦
ጅብ ከዚያ ሹፌር ይሻላል፣ ቢያንስ ሰዓቱን ያከብራል 😂

ሒሳብ ያዥ፦
14 በ1,200 ሲባዛ 16,800 ነው። የቀብዱ 6,000 ቢቀነስ 10,800 ይቀራል። ሁለት አዋቂ ጨምረሽ ለ16 ሰው ብታካፍይው ለአንድ ሰው 675 ብር ነው። በዚህ አዲስ አበባ አይታሰብም። ለሐረር ግን መኪና በኮንትራት ከያዝሽ ያልቅብሻል። አንድ ሚኒባስ 16 ሰው አይችልም፣ ሁለት ልትይዢ ነው። መናኸሪያ ሄደሽ በታሪፍ ተሳፈሩ። ለሁለት ተከፍላችሁ በየመኪናው አንድ አዋቂ ይኑር፣ የመጀመሪያው ቡድን ሐረር መናኸሪያ ይጠብቅ።

ደንገጎ፦
ትክክል ነው። 55 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ግን ጅብ አይታችሁ በዚያው ሌሊት ልትመለሱ እንዳታስቢ። መንገዱ ላይ ያለው የደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ በጨለማ ለልጆች አይሆንም፣ ከመሸም የመስመር መኪና ይጠፋል። እደሩ። የሚያስመልሳት ልጅ ካለች ፊት ወንበር ትቀመጥ፣ ፌስታልም ያዢ።

የጁገል ልጅ፦
ማደሪያው ነው ዋናው። በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ፣ እንግዳ የሚያሳድሩ የሐረሪ ቤቶች አሉ። ሙሉ ቤቱን ነው የምትጠይቂው፣ አልጋ በአልጋ አይደለም። ነደባው፣ ማለትም ከፍ ያለው መደብ፣ ላይ ምንጣፍና ትራስ ተደርድሮ፣ ግድግዳው በስፌት ተሞልቶ፣ ልጆቹ ተደርድረው ሲያወሩ ያድራሉ። ዛሬውኑ ደውለሽ ዋጋ ቁረጪ፣ ቅዳሜ በር ላይ ቆመሽ አይደለም። ሐረር ከድሬ በ600 ሜትር ግድም ከፍ ስለሚል ማታ ይበርዳል፣ ሹራብ ይያዙ። በቲሸርቱ ላይም ነጠላ ወይም ሻርፕ ጣል ያድርጉ። እሁድ ጠዋት መኪና ግርግርን አሳዪያቸው፣ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው፣ ስሙም ከስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው።

የድሬ እናት፦
ስንቅ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ሳምቡሳና ዳቦ ከየቤቱ ቢዋጣ የቅዳሜ ምሳ ወጪ የለውም። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ደግሞ ከከፊራ ገበያ እኔ እገዛላችኋለሁ፣ ለልጆቹ ከእኔ ነው። እናቶቻቸውን ግን ዛሬ ማታ ሰብስበሽ እውነቱን ንገሪያቸው። ቀብዱ መበላቱን ከአንቺ አፍ ይስሙት፣ ከጎረቤት ሰምተው ቢመጡብሽ ይከብዳል።

ባቡር ወዳጅ፦
ለክረምቱ ግን በባቡር አስቡበት።

የሳቢያኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ማልቀስ ነበር የቀረኝ። አሁን እናቶቹ ጋ ልሄድ ነው። የጁገሏ እህቴ፣ ጅቡ ያለው በየትኛው በር ነው?

የጁገል ልጅ፦
በፈላና በር በኩል ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረሱ፣ እኔም ከእህቴ ጋር እመጣለሁ።

የጁገል ልጅ፦
እህቴ፣ ትናንት እስከ 2 ሰዓት ቆመን ጠበቅናችሁ፣ አላየናችሁም። ደኅና ናችሁ? እናቶቹ እምቢ አሉ እንዴ?