የግል ድረ ገጽ ለመክፈት፦ የአድራሻ ስም፣ የቆዩ የፓወር ግዕዝ ጽሑፎችና ክትትል (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ለዓመታት ያዘጋጀኋቸውን የሰዋስውና የድርሰት ማስታወሻዎች ከነመልመጃቸው ተማሪዎችም ሆኑ ሌሎች መምህራን በነጻ እንዲያነቧቸው የራሴን ድረ ገጽ መክፈት እፈልጋለሁ። እስካሁን በቴሌግራም ቻናል እያጋራሁ ብቆይም፣ ቀደም ብሎ የተለጠፈን ፋይል ተማሪው ወደ ኋላ ሄዶ ለማግኘት ይቸገራል፤ በጎግል የሚፈልግ ሰውም ብዙ ጊዜ አይደርስበትም።

ስለ ኮምፒውተር ያለኝ እውቀት በዎርድ ከመጻፍ አያልፍም። ከየት ልጀምር? በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ ስለሌለኝ ሜሪላንድ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሊከፍልልኝ ፈቃደኛ ነው፤ በእሱ በኩል መክፈል ችግር ይኖረው ይሆን? ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ አብዛኛው ጽሑፌ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር የተጻፈ መሆኑ ነው። ለሙከራ ብሎገር በተባለው የድረ ገጽ መክፈቻ ላይ ስለጥፈው አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ታዩ። ሁሉንም እንደገና መጻፍ ይኖርብኛል? ገጹ ከተከፈተ በኋላስ በየጊዜው ምን ዓይነት ሥራ ይጠብቀኛል?

መልስ፦ ገጽ ገንቢ ከአዲስ አበባ

መምህር፣ ጽሑፉ ዝግጁ ስለሆነ ከባዱን ሥራ ጨርሰዋል ማለት ይቻላል፤ ብዙ ሰው ገጹን አሳምሮ ከከፈተ በኋላ የሚጽፍበት ያጣል። ለእርስዎ ዓላማ በጀመሩት ብሎገር ቢቀጥሉ እመርጣለሁ። የጎግል ነጻ አገልግሎት ነው፤ ወደፊት የራስዎን ዶሜይን (የድረ ገጽ አድራሻ ስም) ሲገዙም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያያይዙት ይፈቅዳል። ሌላውን የድረ ገጽ መሥሪያ ወርድፕረስን የሚጠቁምዎ ሰው ቢኖር፣ ወርድፕረስ ዶት ኮም ሁሉንም ራሱ የሚያስተዳድርልዎ አገልግሎት ሲሆን፣ ከወርድፕረስ ዶት ኦርግ የሚወርደው ግን ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበትን የኢንተርኔት ቦታ) ተከራይተው የሚጭኑት፣ ማዘመኑና ጥበቃው በእርስዎ ላይ የሚወድቅ ሶፍትዌር መሆኑን ይለዩ። ሁለተኛውን ለጀማሪ አልመክርም።

ዶሜይን ገዛሁ ሲባል በእርግጥ በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ነው። ዶት ኮም ስም በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ሊመዘገብ ይችላል። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን ስም የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ስለሆነ ክፍያው በብር ነው፤ ዶት ኮምን በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶችም አሉ። ወንድምዎን ከማስቸገርዎ በፊት የእነዚህን ዋጋ ጠይቀው ያወዳድሩ።

መልስ፦ አባል ከውጭ አገር

ወንድምዎ ቢከፍልልዎ ችግር የለውም፤ ነገር ግን ከፋዩ እሱ፣ ባለቤቱ እርስዎ ይሁኑ። አካውንቱ በእርስዎ ኢሜይል ይከፈት፤ በተመዝጋቢነትም የእርስዎ ስም ይግባ። እዚህ ያለው ማኅበራችን የድረ ገጹን ስም ያስመዘገበው በአንድ አባል የግል ኢሜይል ነበር። ሰውየው ያንን ኢሜይል መጠቀም ሲያቆም የማደሻ ማሳሰቢያዎቹ ሳይነበቡ ቀሩ፤ ስሙ ጊዜው አልፎ ሌላ ገዢ ወሰደው፤ በየጥሪ ወረቀቱ ያተምነው አድራሻ ዛሬ የሚከፍተው የማናውቀውን ገጽ ነው። ካርድም የአገልግሎት ጊዜው ስለሚያልቅ በራሱ ይታደሳል ብለው ሳይተማመኑ የማደሻውን ቀን ሁለታችሁም መዝግባችሁ ያዙ።

መልስ፦ የማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ

ስለ ፓወር ግዕዙ እኔ ልመልስ፤ ደንበኞች ይህንኑ ችግር ዘወትር ይዘውብኝ ይመጣሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው፣ ለዓለም ፊደላት የጋራ በሆነው የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሶፍትዌሮች አማርኛን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ስለነበር፣ ፋይልዎ በውስጡ የያዘው እነዚያኑ ምልክቶች ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታይዎ ፎንቱ መልካቸውን ስለሚለውጠው ብቻ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ አልተበላሸም፤ እንደገና መጻፍም አያስፈልግዎትም፤ የሚያስፈልገው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

ፓወር ግዕዝ በዩኒኮድም ስለሚጽፍ መጀመሪያ ፋይሎቹን ይለዩ። የፋይሉን ቅጂ በዎርድ ከፍተው ጽሑፉን በሙሉ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኒያላ ይለውጡ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነውና በቀጥታ ሊለጥፉት ይችላሉ፤ ወደ ላቲን ከተለወጠ ግን የቀድሞው ዓይነት ነው። ቅጂ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ በአንድ የድሮ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃ በሁለትና በሦስት ፎንቶች ተከፋፍሎ ነበር የሚቀመጠው፤ በመሆኑም ያው አንድ ምልክት በአንደኛው ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላኛው ሌላ ፊደል ነው። ዋናውን ፋይል ወደ አንድ ፎንት ለውጠው ካስቀመጡት የትኛው ምልክት ከየትኛው ፎንት እንደመጣ መለያው ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም የመለወጫ ፕሮግራም ሊያግዝዎ አይችልም።

ከለወጡት በኋላ ቁጥሮችን፣ ሥርዓተ ነጥቦችን፣ እንዲሁም እንደ ሟ፣ ቷ፣ ኳ ያሉትን ፊደላት በዓይንዎ ያርሙ፤ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ መምህር ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙከራውን ሠርቼ አዲሶቹ ፋይሎች አማርኛቸው እንዳለ ሲቆይ የቆዩት ብቻ ተለወጡ፤ ሸክሙ ከፈራሁት በእጅጉ አነሰ። አንድ ነገር ልጨምር። ብሎገር ላይ የለጠፍኳቸው ጽሑፎች ሊንክ ሁሉ መጨረሻው «ብሎግ ፖስት» ከሚል ቃልና ከቁጥር በቀር ይዘቱን አይገልጽም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከባሕር ዳር

ብሎገር ሊንኩን የሚሠራው ከርዕሱ የላቲን ፊደላትን ብቻ ወስዶ ስለሆነ፣ ርዕሱ አማርኛ ሲሆን የሚወስደው ያጣል። ጽሑፉን ከማተምዎ በፊት ፐርማሊንክ (የጽሑፉ ቋሚ ሊንክ) በሚለው ቦታ አጭር ስም በላቲን ፊደል ራስዎ ይጻፉ። ከታተመ በኋላ ከለወጡት ቀደም ብለው የላኩት ሊንክ አይሠራም።

በጎግል መገኘትን በተመለከተ ሞክሼ ፊደላትን አይርሱ። «ዓረፍተ ነገር» ብለው ከጻፉ፣ «አረፍተ ነገር» ብሎ የሚፈልገው ተማሪ ላያገኝዎ ይችላል። ርዕሱን በትክክለኛው አጻጻፍ ይተዉትና ሌላውን አጻጻፍ በመግቢያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ጊዜ ያስገቡት። እንደ አማርኛ መምህር ይህ ደስ እንደማይልዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ተማሪው ትክክለኛውን አጻጻፍ የሚማረው ገጽዎን ሲያገኝ ነው።

ተማሪዎችዎ ዳታ ገዝተው በስልክ የሚያነቡ ስለሆነ ማስታወሻዎቹን ፎቶ አንሥተው ሳይሆን በጽሑፍ ይለጥፉ። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ሲቀመጥ 3 ባይት ብቻ ይይዛል፤ 4 ሜጋባይት የሆነ አንድ የስልክ ፎቶ ከአንድ ሚሊዮን ፊደል በላይ ያህል ዳታ ይበላል ማለት ነው። ሥዕል ግድ ሲሆን ስፋቱን ወደ 1200 ፒክስል ዝቅ አድርገው ይጫኑ።

ክትትሉ ከባድ አይደለም። የጎግል አካውንትዎን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሚጠይቅ) ይቆልፉ፤ እሱ ከተሰረቀ ገጹም አብሮ ይሄዳል። የመማሪያ መጽሐፉ ሲቀየር ማስታወሻዎቹን ከልሰው የተሻሻሉበትን ቀን ከሥር ይጻፉ። የገጹን መጠባበቂያ ቅጂም ከሴቲንግ ውስጥ በየወሩ ያውርዱ፤ ሥዕሎቹ ከዚያ ፋይል ጋር ላይወርዱ ስለሚችሉ እነሱንና ዋናዎቹን የዎርድ ፋይሎች ለብቻ በፍላሽ ያስቀምጡ።