የማንጎ አዲስ ቅጠል ለምን ይቀላል?

ጠያቂ ከአርባ ምንጭ፦
ግቢያችን ያለው ማንጎ ሰሞኑን በአንድ ወገን አዲስ ቅጠል አወጣ። ቅጠሉ ግን ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል፤ ውኃ የጠማው ይመስል ቁልቁል ተንጠልጥሏል። የቀረው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ምንም አልሆነም። ጎረቤቴ «ታሟል፤ ቅርንጫፉን ቁረጠው» ይለኛል። የምታውቁ ምን ትላላችሁ?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፦
ኧረ እንዳትነካው! ማንጎ ሲያቆጠቁጥ እንዲህ ነው። ቀዩ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፤ የቀይ ሽንኩርትን ልጣጭ የሚያቀላውም እሱ ነው። ለጋ ቅጠል አረንጓዴውን ክሎሮፊል ገና አልሞላም፤ በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጅበት አካሉም አልደረሰም። የእናንተ አገር ፀሐይ ሲያርፍበት ሊጠቀምበት ያልቻለው ብርሃን ራሱን ይጎዳዋል፤ ቀዩ ቀለም ከብርሃኑ ከፊሉን ይውጥለታል። ቅጠሉ ሲጠነክርና ቀጥ ሲል ቅላቱም ይጠፋል። ማንጎ ደግሞ ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ጊዜ አያለብስም፤ በአንድ ወገን ብቻ መቅላቱ አያስደንግጥህ።

ነፍሳትን ለማራቅ ነው የሚሉም አሉ፤ ብዙ ቅጠል በል ነፍሳት ቀይን አጥርተው አያዩምና። ይሁን እንጂ እኔ ፀሐዩን አስቀድማለሁ።

በሽታ የምትፈልግ ከሆነ የደረሰውን ቅጠል ገልብጠህ እይ። ነጫጭ ቅርፊት ተጣብቆበት ከላይ በኩል ቢጫ ነጠብጣብ ካወጣ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ላይ የታየው ነጭ የማንጎ ተባይ ሊሆን ይችላል። በለጋው ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካየህ ደግሞ ሻጋታ ጠርጥር። ቅላት ብቻውን ግን ጤና ነው።

ቡና ተካይ ከጅማ፦
ቡናም ላይ አለ። ለጋ ቅጠሉ ነሐስማ የሆነና አረንጓዴ የሆነ ቡና ጎን ለጎን ይበቅላል፤ ይህ በዘር የሚወረስ ነው። እኔን የቸገረኝ በቆሎዬ ነው፤ ቡቃያው ሐምራዊ እየሆነ ነው። እሱም ልጅነቱ ይሆን?

የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፦
ቀለሙ ያው አንቶሲያኒን ነው፤ ምክንያቱ ግን ይለያል። የትኛው ቅጠል ላይ እንደጀመረ ተመልከት። ፎስፎረስ የተባለው የአፈር ንጥረ ምግብ ያጠረው ተክል ከአሮጌው ቅጠል አንሥቶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ፣ ሐምራዊነቱ ከታችኛው ቅጠል ጫፍና ጠርዝ ይነሣል። ብርድም እንዲሁ ያደርገዋል፤ ሥሩ በቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ፎስፎረስ እያለ እንኳ መሳብ ያቅተዋል፤ ሙቀት ሲመጣ ያገግማል። በዝርያው ሐምራዊ የሆነ በቆሎም አለ። ስለዚህ ማዳበሪያ ከመጨመርህ በፊት አፈሩን አስመርምር።