ሀዋሳ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ሰውን በሲልዌት (ጥቁር ቅርፁ ብቻ እንዲታይ አድርጎ) ማንሳት፣ እባካችሁ እርዱኝ

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ። እናትና አባቴ ከተጋቡ 30 ዓመት ሞላቸውና ሀዋሳ ይዣቸው መጥቻለሁ፣ ትናንት ማታ ፍቅር ሐይቅ ጋ ፀሐይዋን ከጀርባቸው አድርጌ አቁሜያቸው በሳምሰንግ ስልኬ አነሳኋቸው። እኔ የፈለግኩት ሁለቱ ጥቁር ሆነው ሰማዩ ብርቱካናማ ሆኖ እንዲወጣ ነበር፣ የወጣው ግን ፊታቸው አመድ የመሰለ ሰማዩ ደግሞ ነጭ በነጭ ነው። እሁድ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፣ ያለኝ የዛሬና የነገ ማታ ብቻ ነው። ካሜራ የለኝም። ምንድነው ያበላሸሁት?

ሌንስ27፦
እህቴ ምንም አላበላሸሽም፣ ስልኩ ነው። ፊት ካየ ያንን ፊት ለማብራት ስለሚታገል ሰማዩን ያቃጥለዋል። እንዲህ አድርጊ፣ ስክሪኑ ላይ ሰዎቹን ሳይሆን ሰማዩን ንኪ፣ ጣትሽን ሳታነሺ ያዝ አድርጊው እስኪቆለፍ፣ ከዛ የምትመጣዋን የብርሃን ማስተካከያ ወደ ጨለማው ጎትቻት ሰዎቹ ጥቁር እስኪሉ ድረስ። ፀሐይዋን እራሷን ግን አትንኪ፣ ከሷ ትንሽ ራቅ ያለውን ሰማይ ነው፣ ፀሐይዋን ከነካሽ ሰማዩም አብሮ ይጠቁርና ቀለሙ ይጠፋል። ኤችዲአር የሚባለውን ሴቲንግ ካገኘሽው አጥፊው፣ ጥቁሩን ቦታ እያበራ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ፍላሽም እንዳይበራ።

ስትቆልፊው ፎከሱም አብሮ ሰማዩ ላይ ስለሚቆለፍ አጠገባቸው አትቁሚ፣ አምስት ስድስት ሜትር ራቅ ካልሽ ጠርዛቸው ጥርት ብሎ ይወጣል።

ጥቁርና ወርቅ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው ግን ሴቲንጉ ግማሹ ነው፣ እኔ በጣም የምለው ስለ ቅርፁ ነው። ሰውየው ጥቁር ከሆነ በኋላ ፊት የለ ልብስ የለ፣ የሚቀረው ዳር ዳሩ ብቻ ስለሆነ ሁለቱ ተቃቅፈው ከቆሙ አንድ ትልቅ ጉብታ ነው የሚሆኑት። እጅ ለእጅ ይያዙና መሀላቸው ሰማይ ይታይ። ወደ ካሜራው ሳይሆን እርስ በርስ ይተያዩ፣ አፍንጫና አገጭ የሚለየው በጎን ሲሆን ነው፣ እናትሽን የሚያውቅ ሰው በአገጯ ያውቃታል።

ሌላው፣ ተንበርከኪ። ቆመሽ ካነሳሽ ከሐይቁ ማዶ ያለው ጋራ አንገታቸው ወይም ጭንቅላታቸው ላይ ይመጣና ጥቁር በጥቁር ሆኖ ይውጣቸዋል፣ ዝቅ ስትዪ ግን ሰማዩ ላይ ይወጣሉ። እኔ አጎቴን ጀልባ አጠገብ አንስቼው መቅዘፊያው ከጭንቅላቱ የበቀለ መስሎ ወጥቷል፣ ያንን ፎቶ መልሼ ላነሳው አልቻልኩም። ስለዚህ ከኋላቸው ያለውን ግንድ፣ ምሰሶ፣ የቆመ አባ ኮዳ ወፍ ሁሉ እይ አድርጊ።

እናትሽ ነጠላ ካላት በደንብ ነው፣ ግን አትከናነበው፣ አንደኛውን ጫፍ ወደ ውጭ ትዘርጋው። ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሰውነቷ ጥቁር ሆኖ ነጠላው ብቻ በብርሃን ይሞላል።

ሌንስ27፦
የነጠላውን አላሰብኩትም ነበር፣ በጣም ጥሩ ነው።

ማታ ብርሃን፦
ሰዓቱን ማንም አላነሳውም። ከተማው ከሐይቁ ምስራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ውሃው ማዶ ነው የምትጠልቀው፣ ቦታው ለዚህ የተሰራ ነው በሉት። ግን እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ወደ ጎን ሳታዘነብል ቁልቁል ነው የምትወርደው፣ ከጠለቀች በኋላ ደህና ብርሃን የሚቆየው ቢበዛ 20 ደቂቃ ነው። በኅዳር 12 ሰዓት እንዳለፈ ትሄዳለች፣ በሐምሌ እስከ 12 ከ45 ትቆያለች። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ቦታ ያዙ።

እኔ እንደውም ከጠለቀች በኋላ ያለውን ነው የምመርጠው፣ ሰማዩ ሁሉ እኩል ይቀላል። ፀሐይዋን እዛው ማስገባት ከፈለግሽ ግን በአንዳቸው ትከሻ ከልያት። ካሜራ ላላችሁ ደግሞ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ክፍተት) 8፣ ሸተር (የመዝጊያው ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ ላይ ጀምሩና ሰማዩን እያያችሁ አስተካክሉ፣ በረጅም ሌንስ ግን ፀሐይዋን በካሜራው ማያ ቀዳዳ እንዳታዩ፣ ዓይን ያጠፋል።

የሐይቅ ዳር ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም!! አሁን ከሐይቁ መመለሴ ነው። ተንበርክኬ ሰማዩን ቆልፌ ወደ ሰላሳ የሚሆን አነሳሁ፣ አብዛኛው ላይ አባቴ ወደኔ ዞሮ "ደረሰ?" እያለኝ ስለሆነ ክብ ጭንቅላት ብቻ ነው የሚታየው። አንዱ ላይ ግን እናቴ ነጠላዋን ልታስተካክል እጇን ስታነሳ ነፋሱ ያዘው፣ አባቴም ጫፉን ሊይዝላት ዘወር ሲል ነው የያዝኳቸው፣ አገጯ ልክ እንዳላችሁት። እሱን ትልቅ አሳጥቤ ሳሎን ልሰቅለው ነው። ነገም እንሄዳለን፣ እናቴ እራሷ ናት ያለችው።