«ሥር»፣ «ጅማት»፣ «ነርቭ»፦ የቱ የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ወጌሻው «ሥርህ ዞሯል» አለኝ። ሐኪሙ ደግሞ «ነርቭህ ተጭኖ ነው» አለኝ። አንድ ነገር እያወሩ ነው? «ህብለ ሰረሰርስ» አጥንቱ ነው?

መልስ፦ «ሥር» በአማርኛ ብዙ ነገር ይሸከማል። ወጌሻ ሲለው ብዙ ጊዜ ጅማት ወይም ጡንቻ ነው። «የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ» ስንል ደግሞ የደም ሥር ማለታችን ነው። ነርቭ በንዴት አይገታተርም። ጅማት አጥንትና ጡንቻ ያያይዛል፤ ነርቭ መልእክት ያመላልሳል። ነርቭን ማወቅ ከፈለግህ ክርንህን በር ላይ ስትመታ እስከ ትንሿ ጣትህ የሚነዝርህን አስታውስ። እዚያ ጋ ነርቩ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ በአጥንቱ ላይ ነው የሚያልፈው።

«ህብለ ሰረሰር» አጥንቱ አይደለም። «ሐብል» በግእዝ ገመድ ነው፤ «ሰረሰር» የጀርባ አጥንት። አጥንቱ አከርካሪ ነው፣ ገመዱ ውስጡ ያልፋል። ስለዚህ ሰው ወድቆ «ሰረሰሩ ተሰበረ» ሲባል የተሰበረው አከርካሪው ነው። ገመዱም ተጎድቶ እንደሆነ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ መራመድ አለመራመዱን የሚወስነው በአብዛኛው እሱ ነው።

አንጎልና ህብለ ሰረሰር አንድ ላይ ማዕከላዊ ሥርዓተ ነርቭ ይባላሉ። ከአንጎል 12 ጥንድ፣ ከህብለ ሰረሰር 31 ጥንድ ነርቮች ወጥተው ወደ ሰውነት ዳር ይሄዳሉ። የአንተ ሐኪም «ተጭኖ ነው» ያለው ከእነዚህ አንዱን ይመስለኛል። ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ወገብ ላይ ሲጫነው ሕመሙ ወገብ ላይ አይቀርም፣ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ይወርዳል።

ሌላ አባል፦ «ናላዬ ዞረ»ስ?

መልስ፦ ናላ አንጎል ነው፣ አባባሉ ግን ለግራ መጋባትም ለራስ ማዞርም ይሆናል። እውነተኛው ማዞር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከውስጠኛው ጆሮ ነው። ከ12ቱ ውስጥ 8ኛው ጥንድ የመስማትና የሚዛን ነርቭ ነው። ናላ ያለ ጥፋቱ ይታማል ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ እህቴ በኦፕሬሽን ልትወልድ ነው። ጀርባ ላይ የሚወጋው የማደንዘዣ መርፌ ህብለ ሰረሰር ይነካል ብላ ፈርታለች።

መልስ፦ ፍርሃቷ የብዙ እናቶች ነው። የአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር ግን እስከ ታች አይደርስም፤ ከ1ኛውና 2ኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል ነው። እዚያ ያሉት በፈሳሽ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ክሮች ናቸው። በላቲን ስማቸው «የፈረስ ጭራ» ነው። የቀረውን ማደንዘዣ የሚሰጣትን ባለሙያ ትጠይቀው።