የእማዬ የልብ ደም ቅዳ ክፍት ነው፤ ደሙ ግን ይዘገያል። ከደም መልሱ ይሆን?

የኮዬዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ደረቷን ጭምቅ ያደርጋታል። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚገርመኝ ደረጃውን ስትወጣ ደህና ናት። የሚነሳባት ማታ ቁጭ ባለችበት ነው። ቡናውን አፍልታ፣ አቦሉን ቀድታ፣ ቶናው ላይ ስትደርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም ትላለች። «አሁን ይለቀኛል» ነው መልሷ።

አንጂዮግራም (ቀለም ረጭተው የልብ ደም ቅዳዎችን በፊልም የሚቀርጹበት ምርመራ) ተሠራላት። ሐኪሙ «ጥበት የለም፣ ስቴንት (ደም ቅዳን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) አያስፈልጋትም፣ ደሙ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው» አለን። ሪፖርቱ ላይ የግራው የፊተኛ ደም ቅዳ ጎን 44 የሚል ቁጥር አለ። ዘመድ አዝማዱ «ምንም የለባትም፣ ጭንቀት ነው» ይላል። እኔ ግን ፊቷን አያለሁ።

ሳነብ፣ ደሙ ከልብ ጡንቻ የሚወጣበት ደም መልስ ከጠበበ ወይም አፉ ላይ ቫልቭ ካለ ፍሰቱ ሊዘገይ ይችላል የሚል አገኘሁ። እውነት ነው? ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ «ቫልቮቿ ደህና ናቸው» ተብለን ነበር።

የካት ላብ ነርስ

እህቴ፣ እናትሽን እመኛቸው። «ጥበት የለም» ማለት «ሕመም የለም» ማለት አይደለም። ያለ ጥበት የደሙ መዘግየት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሕክምና ጽሑፍ ይታወቃል። ሥራ ላይ ሳይሆን እረፍት ላይ መነሳቱም የተለመደ ጠባዩ ነው። እንዲህ ያሉ ታካሚዎች «ደህና ነሽ» ተብለው ሲሸኙ ሳይ ያመኛል።

መጀመሪያ 44ን እንየው። ቀለሙ ከደም ቅዳው አፍ ተነስቶ ጫፉ እስኪደርስ ስንት የፊልም ፍሬም እንደፈጀ ነው የሚነግረን። መለኪያው የወጣው በሰከንድ 30 ፍሬም ለሚቀርጽ ማሽን ነው። የግራው የፊተኛ ከሌሎቹ ስለሚረዝም ቁጥሩ ለ1.7 ይካፈላል። ከዚያ በኋላ ከ27 ከበለጠ ዘገምተኛ ይባላል። እንግዲህ 44 ሳይካፈል የተጻፈ ከሆነ 26 ገደማ ነው፣ ከወሰኑ በታች። ተካፍሎ 44 ከሆነ ግን በጣም ዘግይቷል። ማሽኑ በሰከንድ 15 ፍሬም ቀርጾ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ በ2 መባዛት አለበት። «ተካፍሏል ወይ? በስንት ፍሬም ነው የተቀረጸው?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ ብሆን ከቫልቩ በፊት የምጠይቀው ይህን ነው።

ወደ ቫልቩ ልምጣ። ኢኮ ላይ ያዩላችሁ አራቱን የልብ ቫልቮች ነው። አንቺ ያነበብሽው ሌላ ነው። የግራ ልብ ጡንቻ ከተጠቀመበት ደም አብዛኛው ኮሮናሪ ሳይነስ በሚባል ደም መልስ ይሰበሰባል። ከልብ ጀርባ ዞሮ ወደ ቀኙ የላይኛው ክፍል ይገባል። መግቢያው ላይ ቴቤዢያን የሚባል ስስ ክዳን አለ። አንዳንዱ ሰው ጨርሶ የለውም። አንዳንዱ ላይ ትንሽ ጠርዝ ብቻ ነው። ጥቂቶች ላይ ግን አብዛኛውን አፍ ይሸፍናል። ዛሬ አብጠርጥረው የሚያውቁት ለፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ) ሽቦ የሚያስገቡ ሐኪሞች ናቸው፣ መንገድ ስለሚዘጋባቸው። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ትልቁ የልብ ደም መልስ ኮሮናሪ ሳይነስን በሚቀላቀልበት ቦታ፣ የቪውሰንስ ቫልቭ አለ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ደም የሚሄደው በግፊት ልዩነት ነው። የቦይ ጫፍ ሲደፈን ላይኛውም ውሃ እንደሚተኛ፣ መውጫው ከጠበበ ደም መልሱ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ከላይ የሚመጣውም ይዘገያል።

ሬዚደንት ከሰበታ

ነርሱ ያለው ልክ ነው፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ዋናው ተጠርጣሪ አሁንም በደም ቅዳውና በደም መልሱ መካከል ያሉት፣ አንጂዮግራም የማያሳያቸው ቀጫጭን የደም ስሮች ናቸው። የመውጫው ጥበት ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ሕክምና ትርጉም አይኖረውም ነበር። በመድኃኒት አልሻል ላለ የደረት ሕመም ኮሮናሪ ሳይነስን ሆን ብሎ የሚያጠብ፣ ወገቡ ቀጭን የሆነ የሽቦ መረብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ብዙዎቹን ታካሚዎች እንደረዳ አሳይቷል። ግፊቱ ሲጨምር ደሙ ወደተራበው የጡንቻ ክፍል ይገፋል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ጠባብ መውጫ ሁሌ ጠላት አይደለም።

መውጫውን ለማየት አዲስ ምርመራ አትቸኩሉ። አንጂዮግራሙ ሲቀረጽ ቀለሙ ወደ ደም መልስ እስኪያልፍ ከተጠበቀ ኮሮናሪ ሳይነስ እዚያው ይታያል። ሲዲ ካላችሁ ቅጂው እስከዚያ ይሄድ እንደሆነ ሐኪሙ ይይላችሁ።

የኮዬዋ

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለዘመዶቼም አነበብኩላቸው። የታዘዘላት መድኃኒት አለ፤ «ካልተዘጋ ምን ያደርግልኛል» ብላ ልታቆም ነበር። ትቀጥል?

የካት ላብ ነርስ

ትቀጥል። ያለ ሐኪሟ ቃል አንድም ክኒን አይቋረጥ። የታዘዘላት ብዙም ካልረዳት ዝም ብላ አትቻለው፤ የሚቀየር ሌላ ዓይነት አለ። ሕመሙ ከወትሮው ከጠናባት፣ 15 ደቂቃ አልፎ ካልለቀቃት፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ከተጨመረበት ደግሞ «ያው የድሮው ነው» አትበሉ። ከኮዬ ሌሊት መኪና ማግኘት እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። 907 ደውሉ፣ ከጎረቤትም መኪና ያለውን ከአሁኑ አናግሩ።