«ጃዎዲ» የሚለው የቻይናውያን ሴቶች ስም ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጃዎዲ» የሚባል የሴት ስም ደጋግሜ አየሁ። ስሙን የሚቀይሩት ብዙ ናቸው ሲባል ሰማሁ። ለምን?

መልስ፦ «ጃዎ» ጥራ ማለት ነው፣ «ዲ» ደግሞ ታናሽ ወንድም። ሲገጠም «ወንድም ጥሪ» ይሆናል። ወላጆች ወንድ ሲጠብቁ ሴት ስትወለድ፣ ቀጣዩ ወንድ እንዲሆን ምኞታቸውን በእሷ ላይ ይሰይሙታል። ላይዲም አለ፣ «ወንድም ይምጣ»። ፓንዲም አለ፣ ወንድምን በጉጉት መጠበቅ ነው። ልብ በሉ፣ ስለ ልጅቷ አንድም ቃል የለም። የሚያወራው ገና ስላልተወለደው ልጅ ነው! ክፍል ውስጥ ስሟ በተጠራ ቁጥር «የፈለግነው አንቺን አልነበረም» እየተባለች ታድጋለች። አንዳንዱ ወላጅ «ዲ»ን የሚጽፈው ከጎኑ የ«ሴት» ምልክት ባለበት ሌላ ፊደል ነው፤ ሲታይ የሴት ስም ይመስላል፣ ሲነበብ ግን ድምፁ ያው ነው።

ሌላ አባል፦ እኛም ጋ ካሳ፣ ምትኩ እንላለን እኮ። ስም የወላጅን ምኞትና ሐዘን ቢሸከም ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ምትኩ የተባለው ልጅ ራሱ መጽናኛ ሆኖ የመጣ ነው። ጃዎዲ ግን የሌላ ልጅ መጥሪያ ናት። ሥሩም ጥልቅ ነው። ዘር የሚቆጠረው በወንድ ስለነበር በድሮው የትውልድ መዝገብ ሴት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አትገባም፤ ያገባችውም በራሷ ስም ሳይሆን «ከዋንግ ቤት የመጣች» በሚል ዓይነት ብቻ ትጻፋለች። በኋላ የአንድ ልጅ ፖሊሲ መጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ደግሞ በብዙ ገጠር የመጀመሪያዋ ሴት ከሆነች ሁለተኛ መውለድ ተፈቀደ። መንግሥትም ሴቷን ሙሉ ልጅ አድርጎ አልቆጠራትም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ የሕዝብ ቆጠራ ለ100 ሴት ሕፃናት 118 ገደማ ወንዶች መወለዳቸው የዚያ ሁሉ ድምር ነው።

ሌላ አባል፦ «ሸንግናን»ስ? የጀግና ስም ይመስለኛል።

መልስ፦ «ወንድን የምትበልጥ» ማለት ነው። ኮርተው የሚጠሩበት አሉ፣ አከብራለሁ። ለእኔ ግን አሁንም መለኪያው ወንድ ነው። «ያናን» ደግሞ ይብሳል፣ ከወንድ ቀጥላ ያለች ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መቀየር ይቻላል ወይ?

መልስ፦ 18 ዓመት የሞላት ሴት የቤተሰብ ምዝገባው ያለበት ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ማመልከት ትችላለች። ድካሙ ከዚያ በኋላ ነው፤ መታወቂያ፣ የባንክ ደብተር ሁሉ አንድ በአንድ ይቀየራል፣ ቤት ደግሞ «የሰጠንሽን ስም ናቅሽ» የሚል ኩርፊያ ይጠብቃል። ቢሆንም ቀይረው ታሪካቸውን በአደባባይ የሚናገሩ አሉ፣ እኔ በጣም ነው የማደንቃቸው። ስለ ቤተሰብ ስም ከሆነ፣ ቻይናዊት ስታገባ የራሷን ይዛ ትቀጥላለች፤ እ.ኤ.አ. የ1950ው የጋብቻ ሕግ ይህን መብት ሰጥቷታል። ልጅም የእናቱን የቤተሰብ ስም መያዝ ይችላል፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 1015 ላይ ይፈቅዳል። ግን እናትየው በስሜ ይጠራ ስትል አያቶች ዛሬም ይጣሉባታል።