ታሪክና ኮሙኒኬሽን አጣምሮ ጀርመን መማር፦ ዋስ ሆኜ ልፈርምለት?

ሰናይት (ፍራንክፈርት)
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንድ ዓመት ጨርሷል። ጀርመን መጥቶ ታሪክና ኮሙኒኬሽን በአንድ ዲግሪ መማር ይፈልጋል። ቤተሰብ ደግሞ «አንቺ ፈርሚለት» ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። እንዲህ ያለ ዲግሪ አለ ወይ? ፊርማውስ ምን ያስከትልብኛል?

ጋሽ በለጠ (ማይንስ)
አለ፣ እህቴ። ማይንስ ሜጀሩ (ዋናው ትምህርት) 120፣ ማይነሩ (ንዑሱ) 60 የክሬዲት ነጥብ ነው፤ በድምሩ 180፣ 6 ሴሚስተር። ኤርፉርትም ኮሙኒኬሽንን ዋና፣ ታሪክን ንዑስ አድርጎ መያዝ ይቻላል። የመመረቂያ ጽሑፍ በሜጀሩ ነው የሚጻፈው፤ ስለዚህ የትኛው ዋና እንደሚሆን ከማመልከቻው በፊት ይወስን።

አንድ ነጥብ 30 ሰዓት ሥራ ነው። በሴሚስተር 30 ነጥብ ሲሆን 900 ሰዓት ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ የሚያልፈው ግን ከዚያ ትንሹ ነው። ባዶ የሚመስለውን ሰዓት በምግብ ቤት ሥራ የሚሞላ ልጅ የሚወድቀው በዚህ ነው። ሕጉ በዓመት 140 ሙሉ ቀን መሥራት ይፈቅዳል፤ ፈቀደ ማለት ግን ትምህርቱ ይችለዋል ማለት አይደለም።

ሌላው፣ ኮሙኒኬሽን ሲባል ማይክ መያዝ የሚመስለው ብዙ ነው። እዚህ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ነው፤ ስታቲስቲክስ አለው። አንድ ዜና ይሰጥሃል፤ ዋናው ተናጋሪ ማነው፣ ድምፀቱ ይደግፋል ወይስ ይነቅፋል እያልክ ለእያንዳንዱ ቁጥር ትሰጣለህ። ሌላ ተማሪ ያንኑ ዜና ለብቻው ይቆጥራል። ቁጥራችሁ ካልገጠመ ቁጥር የምትሰጡበት መመሪያ እንደገና ይጻፋል። ታሪክ ክፍል ደግሞ አንድ ደብዳቤ አስቀምጦ «ማን ጻፈው፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ?» ይልሃል፤ መልሱ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር 15 ገጽ ይሆናል። ሁለቱ ክፍሎች ስለ ፈተና ጊዜ አይነጋገሩም። አንዱ በሴሚስተሩ መጨረሻ ጽሑፍ ፈተና ሲሰጥ፣ የሌላው ወረቀት «እረፍት» የተባለውን ጊዜ ይበላዋል። የግዴታ ኮርሶች በአንድ ሰዓት ከተደራረቡ በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለቱም አማካሪዎች መጻፍ ነው፤ ወር ከቆየ አይስተካከልም።

ኤልሳ ቢ. (ሽቱትጋርት)
መግቢያውን ሳትረሱ። በመጀመሪያ አናቢን የሚባለውን የመንግሥት የመረጃ ቋት ክፈቱና የሱን ወረቀት ፈልጉ፤ አንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቀጥታ ያስገባዋል ወይስ ሽቱዲየንኮሌግ (የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ትምህርት) ይጠይቀዋል የሚለው እዚያ ይታያል። ኮሌግ ከሆነ ጌ-ኩርስ የሚሉትን ይወስዳል፤ ሁለት ሴሚስተር ነው፣ ጀርመንኛና ታሪክ አለው። ለዲግሪው ከጀርመንኛ ፈተናዎቹ ዴኤስሃ 2 ወይም ቴስትዳፍ በአራቱም ክፍል 4 ያስፈልጋል። የውጭ ተማሪዎችን ማመልከቻ ለዩኒቨርሲቲዎች የሚመረምረው ዩኒ-አሲስት ለመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 30 ይወስዳል። ኦክቶበር ላይ ለሚጀምረው የክረምት ሴሚስተር ጁላይ 15 የብዙዎቹ መዝጊያ ነው፤ 8 ሳምንት ቀድሞ ያስገባ፤ ወረቀት ቢጎድል ለማሟያ ጊዜ ያገኛል። ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የቦታ ገደብ የለውም፤ ኮሙኒኬሽን በብዙ ቦታ አለው፣ ሁለቱን ሲያጣምር ጠባቡ በር ነው የሚወስነው። አንዳንድ የታሪክ ክፍል ላቲንም ይጠይቃል። እኛ ክፍለ ሀገር ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ኤርፉርትና ማይንስ ይህ የለም።

ወርቁ (ኑረንበርግ)
ፊርማውን ማንም አልነካውም። እህቴ፣ ተጠንቀቂ። ከፈረምሽ ልጁ ከገባበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት ተጠያቂ ነሽ። መንግሥት ለቀለቡ፣ ለቤቱ፣ ለሕክምናው ያወጣውን ካንቺ ይጠይቃል። ትምህርቱን ትቶ ጥገኝነት ቢጠይቅና ቢፈቀድለትም ፊርማሽ አይፈርስም፤ ሕጉ በግልጽ ይላል። በሱ ፋንታ ዝግ ሂሳብ ይከፈትለት፤ ከ2024 መስከረም ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው፣ በወር 992 ይለቀቅለታል። ገንዘቡ ይጠፋ እንጂ ዕዳው አይከተልሽም።

እትዬ አስናቀች
11,904! በዚያ ገንዘብ አገር ቤት ስንት ነገር ይሠራል። ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል? ነርስነት ይማር፤ አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ትምህርት) 3 ዓመት ነው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከ1,300 ዩሮ በላይ ይከፈለዋል፣ ለቤተሰብም ይልካል።

ጋሽ በለጠ (ማይንስ)
እትዬ፣ ሁሉም ልጅ ነርስ አይሆንም። ኤርፉርት የኢትዮጵያን ታሪክና ቋንቋ ያጠናው ጀርመናዊ የሂዮብ ሉዶልፍ የትውልድ ከተማ መሆኗን ያውቃሉ? እ.ኤ.አ. በ1624 ተወለደ። አማርኛና ግዕዝ ያስጠናው የኛው አባ ጎርጎርዮስ ነው። መጀመሪያ ሮም ተገናኙ፤ በ1652 መስፍኑ ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ጎታ ከተማ ወደሚገኘው ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጠሩት። ሉዶልፍ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስው። የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ዛሬ የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው፤ ከኤርፉርት በባቡር ቅርብ ነው። ታሪክና ኮሙኒኬሽን አንድ ላይ ማጥናት ላሰበ ልጅ፣ አንድ መነኩሴና አንድ ጀርመናዊ በምን ቋንቋ ተግባብተው መጽሐፍ እንደሠሩ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አያገኝም።

ወርቁ (ኑረንበርግ)
አባ ጎርጎርዮስም ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቧ ተሰብራ ባሕር በላው፣ አይ ዕድል። ሉዶልፍ ግን ያረፈው ፍራንክፈርት ነው፣ 1704። ሰናይት ጎረቤቱ ነሽ።

እትዬ አስናቀች
መነኩሴውን ማን ደመወዝ ከፈለው?

ጋሽ በለጠ (ማይንስ)
መስፍኑ ጋብዞት ነው የመጣው፣ እትዬ፤ ዋስ አላስፈረሙበትም።

እትዬ አስናቀች
እኔም ያልኩት እሱኑ ነው፣ መስፍን ያለው ታሪክ ይማር።

ሰናይት (ፍራንክፈርት)
የጠየቅኩት ስለ ፊርማው ነበር። ቀጠሮዬ ማክሰኞ 8 ሰዓት ነው። ምን ይዤ ልሂድ?

ኤልሳ ቢ. (ሽቱትጋርት)
ፓስፖርት፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ 29 ዩሮ። የልጆችሽ ቁጥር ከደመወዝሽ ጋር ተያይቶ ይሰላል፤ ከበዛ «አትችይም» ሊሉሽ ይችላሉ። ደግሞ 8 ሰዓት ያልሽው በኛ ነው በነሱ?